የድንቅነሽ ሎሚ

በመካነ ሰላም ዙሪያ የእህል ጉድጓድ የሚያስከፍት ሰው ሁሉ አሻግሬን ይጠራ ነበር። ለወራት ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ የከረመ ማሽላ አየሩን ይጨርሰዋል፤ ቸኩሎ የገባ ሰው በሕይወት አይወጣም። አሻግሬ ክዳኑን አንስቶ አንድ ቀን ያሳድረዋል፤ ከዚያ ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ማንንም አያስገባም። የሚያጣድፈው ሰው ከመጣ ደግሞ ስድቡ አይጣል ነው።

በ1999 ዓ.ም. ለአባቱ ተዝካር ሽር ጉድ ሲል ግን የራሱን ጉድጓድ ጠዋት ከፍቶ፣ ቀትር ላይ፣ ያለ ኩራዝ ሰው ሊያስገባ ተነሳ። የጉድጓዱ አፍ ጠባብ ስለሆነ የምትገባው ቀጭኗ ሚስቱ ድንቅነሽ ነበረች። ትንሽ አመነታች።

«አብሽሪ፣ ግቢ» አላት።

ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ጎትተው ሲያወጧት ግን ትተነፍስ ነበር። ከሳምንት በኋላ ዓይኗን ገለጠች፤ ግን ማንንም አላወቀችም። ሐኪሞቹ አንጎሏ አየር አጥቶ ተጎድቷል፣ መድኃኒት የለውም ብለው ወደ ቤቷ መለሷት። አሻግሬ ከዚያ በኋላ ከፈጣሪ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንድታውቀው።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ የኤሊን ነገር ያወራሁለት እኔ ነኝ። አንዳንድ ኤሊ ያለ አየር ውሃ ስር ለወራት ትከርማለች፤ አንጎሏ ግን ደህና ነው አልኩት። አየር ተቋርጦ ሲመለስ አንጎልን የሚያበላሸውን ነገር የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር አንጎሏ ውስጥ በብዛት አለ፤ አንዱም ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ነው አልኩት። ሰውየው ከዚህ ሁሉ የሰማው ሎሚ የሚለውን ነው።

በማግስቱ ወደ ዓባይ ቆላ ወረደ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ያንን ቁልቁለት ወርዶ፣ ያንን ዳገት ወጥቶ ሎሚ አመላለሰ። ጠዋትና ማታ ጨምቆ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀላቅልበት ይሰጣታል። አፏ ቆሰለ። ጥርሷን ስትነክስ በጣቱ ፈልቅቆ ያጠጣታል። እህቷ የትምወርቅ እባክህ ተዋት ብትለው ከቤት አባረራት።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ እየሮጠ መጣ።

«መምህር፣ አወቀችኝ» አለኝ። ሌላ ሰው ሲገባ ዝም ትላለች፤ የእሱን ኮቴ ስትሰማ ግን ታለቅሳለች። ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር።

አብሬው ሄድኩ። ድንቅነሽ ኮቴውን እንደሰማች አፏን በሁለት እጇ ከድና ወደ ግድግዳው ሸሸች። አፈርኩ፤ በራሴም ተናደድኩ። ወደ ውጭ አውጥቼው፣ ያን ጊዜ ሳልነግረው የቀረሁትን ነገርኩት። ኤሊዋ ንጥረ ነገሩን የምትይዘው አየሩ ከመቋረጡ በፊት ነው። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ሎሚ ለድንቅነሽ ምንም አይፈይድላትም።



«ታዲያ ለምንድን ነው የምታለቅሰው?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ቤት ገባ።

ሎሚውን አውጥቶ ደፋው። እጁን በሳሙና ታጠበ፤ አሸተተው፤ እንደገና ታጠበ። ከዚያ በሌላ ኩባያ ወተት ይዞ ገባ። ድንቅነሽ አፏን ከደነች። ቢለምናት፣ ቢያባብላት፣ እጇን አላነሳችም። የትምወርቅን አስጠርቶ ኩባያውን ሰጣትና ደጅ ወጥቶ ቆመ። ድንቅነሽ ከእህቷ እጅ እየተጎነጨች ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ አሻግሬ ቤቱ የሚገባው እሷን እንቅልፍ ሲወስዳት ነው።