ጠቋሚው ወደ ቀኝ ሄዷል

ወታደሮች የያዙኝ ፍኖተ ሰላም፣ ከብየዳ ቤቴ ደጃፍ ላይ ነው። እንጀራዬ በር መበየድ ቢሆንም አባቴ ያስተማረኝ ሌላ ሙያ ነበረኝ፤ ዒላማ የሚስት ጠመንጃ ማቅናት። ፈቃድ ያላቸው ገበሬዎች ክላሻቸውን ያመጡልኛል፤ ወንዝ ዳር ወርደን መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሜትር ላይ እየተኮስን ማነጣጠሪያውን አስተካክላለሁ።

"የማንን የማንን አቀናህ?" አሉኝ። ስም አልሰጠሁም። ቡሬ ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ።

መጋዘኑ የበቆሎ አቧራ ይሸታል። አሥራ አራት ሰው ነበርን። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "ና ልጄ፣ እዚህ አረፍ በል፤ ወለሉ ይበርዳል" አሉኝ። ሁለት ቀን ከአንድ ሳህን በላን።

በሦስተኛው ቀን የወታደሮቹ ኃላፊ በሩ ላይ ጠራኝ። በእጁ ክላሽ ይዟል። "ሁለት መቶ ላይ ወደ ግራ ይስታል፤ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ በለሆሳስ።

አፌን በቆረጠው! እጄ ሳላስበው ተዘረጋ። ከአፈሙዙ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመውን ብረት እኔና አባቴ "ጠቋሚ" ነበር የምንላት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁና፣ ብየዳ ቤቴ ውስጥ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ "ጠቋሚው ነዋ ጌታዬ! ጠቋሚው ወደ ቀኝ ሄዷል" አልኩ።

"ጎበዝ! ነገ እናወራለን" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጀርባዬ ከልሏቸው ጠመንጃውን ከእስረኞቹ ማንም አላየም። ስመለስ ቄሱ ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰብስበዋል።

"ኧረ የጠመንጃውን ጠቋሚ ነው ያልኩት!" አልኩ።

አንዱ ሳቀ። "ጠመንጃም ይጠቁም ጀመር?"

ምሳ ሲመጣ ድርሻዬን በክዳን ለብቻ አስቀመጡልኝ። ብቻን መብላት እንዲህ እንደሚመር አላውቅም ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ሳለ ኃላፊው ለብቻዬ አስቀረኝ። "አሥር ጠመንጃ አለን፤ ሦስት መቶ ሜትር ላይ አቅናልን፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

ሚስቴ ትዝ አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ወታደሮቹ ቆመው የሚተኩሱበት አስፋልት። ከአስፋልቱ እስከ በቆሎው ማሳ ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያ ርቀት ያጎነበሰ ሰው አረም ይንቀል ያድፍጥ በምን ይለያል?

"አልችልም ጌታዬ።"

"ትናንት ቻልክ እኮ!"

"ትናንት ያየሁት ብረቱን ብቻ ነው።"

በጥፊ አጮለኝ። የትናንቱን ሁሉም ሰምቶታል፤ ያን ቀን እምቢ ማለቴን የሰማ የለም። ያበጠ ጉንጬን ያየ አንዱ "ለማስመሰል ነው" አለ። አራት ወር ለብቻዬ በላሁ።

አሁን ጠመንጃ አልነካም፤ በር ብቻ እበይዳለሁ። ባለፈው ሰሞን ደምበጫ መናኸሪያ ቄሱን አየኋቸው። ሮጬ ሄጄ ሻንጣቸውን አውቶቡሱ ላይ ሰቀልኩላቸውና ጎንበስ ብዬ "ይፍቱኝ አባቴ" አልኩ። መስቀላቸውን አወጡ። መልኬን ሲለዩት መልሰው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

"እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉኝ ፊታቸውን እያዞሩ።

ልነግራቸው ስል አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ከመጋዘኑ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። እሳቸው ግን ገና አልፈቱኝም።