የአሞንዲ እብጠትና የጠረጠርናት ጣውንቷ

እኔ ሰው ማመን አልወድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ስለዚህ አሞንዲ ጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜ፣ ማን እንዳመጣባት ለማወቅ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

አሞንዲ የባሌ ወንድም የኦጉታ የመጀመሪያ ሚስት ናት። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በአንድ ግቢ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረናል። ሐይቁ ዳር መረብ ዘርግታ ኦሜናዋን፣ ያችን ጣት እንኳ የማትሞላ ዓሣ፣ እያሰጣች ታደርቃለች። ደመና ሲመጣ ከሁላችን ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት፦ "ተነሱ እናንተ ሰነፎች! ዓሣችሁ ተመልሶ ሊዋኝ ነው!" አምስት ወልዳ አምስቱንም አጥብታለች። ታማ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ስንታጠብ እጄን ይዛ ግራ ጡቷ ላይ አስቀመጠችው።

"የጌም ልጅ፣ ይሄ ምንድነው?" አለችኝ፤ በተወለድኩበት አገር ስም ነው የምትጠራኝ።

ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር ነው። "ያምሻል?" አልኳት።

"ኧረ ምንም!"

ይኸው! የማያም እብጠት የሰው እጅ ካልገባበት ከየት ይመጣል? አልኩ በሆዴ። ዓሣ የሚያደርቁት ሴቶች ሲሰሙ አንዷ "ስልኳን ጡት መያዣዋ ውስጥ እየሸጎጠች ነው" አለች፤ ሌላዋ "መቅዘፊያ መቷት ነበር" አለች። እኔ ግን "አጁዋንግ ናት" አልኩ።

አጁዋንግ የኦጉታ ሁለተኛ ሚስት ናት። በበልጉ ዝናብ አሞንዲ ለለቅሶ ወላጆቿ አገር ሄዳ ሳምንት ቆየች። ስትመለስ በአጁዋንግ ማሳ በቆሎው ብቅ ብሏል። በእኛ ዘንድ ታላቂቱ ሚስት ሳትዘራ ታናሺቱ አትዘራም። ከዘራች በቤቱ ላይ ቺራ የሚባል እርግማን ይወርዳል፤ ቺራ ደግሞ ሰውን አክስቶ አክስቶ ነው የሚገድለው። አጁዋንግ "ዝናቡ እንዳያመልጠን ዝሪ ያለኝ ኦጉታ ነው" አለች። ማን ያምናታል!

አሞንዲም ነገሬን አጠናከረችልኝ። "የአባቴ እህትም ጡቷ አብጦ ነው የሞተችው" አለችኝ። "ጣውንቷ ናት የበላቻት። ያችን ሴትዮ ከነልጆቿ ከግቢ አባረሯት።"

"ታዲያ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ? የእናንተን ቤት ሴቶች ጣውንት ነው የሚጨርሳችሁ!" አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሞንዲን አጁዋንግ ያበሰለችውን አፏ እንዳታደርስ ከለከልኳት። የአሞንዲን ልጆችም ከአጁዋንግ እጅ እንዳይበሉ አስጠነቀቅኩ። ቺራ የሚያነጻ ሽማግሌ ጋ እየወሰድኩ መራራ ቅጠል አስጠጣኋት። አንድ ወር፣ ሁለት ወር አለፈ። በአምስተኛው ወር ባቄላው ሎሚ አከለ፣ ቆዳውም ወደ ውስጥ ተጨማደደ።

አንድ ጠዋት አጁዋንግ አሞንዲ ቤት ድረስ መጣች። "እትዬ አሞንዲ፣ ሆስፒታል እንሂድ" አለቻት።

"ምን አስቸኮለሽ?" አልኳት እኔ ከበሩ። "ቆራርጠው እንዲገላግሉሽ ነው?"

"አንቺ ሴትዮ! ሞቷን ብፈልግ ዝም ብዬ ማየት አይበቃኝም ነበር?"

ግን አላመንኳትም፤ ሁለቱን ብቻቸውን አልለቅም ብዬ ተከትያቸው ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ነርስ አሞንዲን በጥያቄ ያዘቻት። የወር አበባ ያየችው በስንት ዓመቷ ነው፣ መቼ ወለደች፣ መጠጥ ትጠጣለች ወይ? ይቺ ደግሞ ምን ልታወጣጣት ነው ብዬ ዓይኔን ከብዕሯ አልነቀልኩም።

"ከዘመድሽ የጡት እብጠት የያዘው ሰው አለ?"

"እናቴም እህቶቼም ደህና ናቸው።"

"በአባትሽ ወገንስ?"

ሳቄ አመለጠኝ። "አባቷ ምን ጡት አለው፣ ልጄ!"

"በአባትም በኩል ይወረሳል፣ እማማ" አለች ነርሷ ሳትስቅ። "ብዙ ጊዜ ባይሆንም ወንድን ራሱ ይይዘዋል።"

አሞንዲ ቀስ ብላ "የአባቴ እህት..." አለች። "እኛኮ ጣውንቷን አባረርናት።" ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

አጁዋንግ ናት የጠየቀችው፦ "ታዲያ ይሄንን ያመጣው ምንድነው? ስልኩ ነው? ምቱ ነው?"

"ሁለቱም አያመጡትም" አለች ነርሷ። "ሴት መሆን፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ዘር፣ መጠጥ፣ ውፍረት፣ ሳይወልዱ መቆየት፣ እነዚህ ዕድሉን ያሰፉታል። ማጥባት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ከዘመዳቸው አንድም የታመመ ሳይኖር የሚይዛቸው ደግሞ ይበዛሉ። የእሷን ይሄ ነው ያመጣው ብዬ በጣት ልጠቁም አልችልም። ቶሎ የመጣች ሴት ግን የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው። ካገኘሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"አምስት ወር።"

"አምስት ወር ማን ያዘሽ?"

አጁዋንግ ወለሉን አየች። አሁን ስሜን ጠራችው ብዬ ጠበቅኩ።

"ማንም። ራሴ ነኝ" አለች አሞንዲ።

"ውሸቷን ነው!" አልኩ። "እኔ ነኝ የያዝኳት። ቅጠል ያጠጣኋት እኔ ነኝ!" ነርሷ አልተቆጣችኝም። ናሙናው ተወሰደ፤ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ቀዶ ጥገናው ተቀጠረ። ወደ ሌላ የሰውነቷ ክፍል መሰራጨት አለመሰራጨቱ ገና አይታወቅም አሉን።

አሞንዲ አልጋ ላይ ሆና ክንዴን ያዘችኝ። "ሴቶቹ ልጆቼ መጥተው ነርሷን ያናግሩ። የዘር ነገር ነው። እኔን አይሰሙኝም፤ አንቺን ግን ያምናሉ። ሂጂ ንገሪያቸው።"

በማግስቱ ትልቋ ልጇ አፖንዲ ቤት ሄድኩ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አጁዋንግ እናቷን እንዳልነካቻት፣ የእናቷን አክስት ጣውንትም ያለ ጥፋቷ እንዳባረሯት ነገርኳት፤ አብራኝ ሆስፒታል እንድትሄድ ለመንኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

"አክስቴ" አለች ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "አጁዋንግ ምን አብልታሽ ነው እንዲህ የምትይው?"

በሩን ዘጋችብኝ።