የልጄ ቁጥር ሺህ የሞላ ቀን

በዚያ ቀን ቤቴ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ታናሿ ልጄ፣ ጎረቤቴ እና ታላቋን ልጄን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኬሚስትሪ ያስተማሯት መምህር ነን። አምስት ሰው። ታላቋ ልጄ ደግሞ ስልኩ ላይ ነበረች፤ ፎቶዋ፣ እኔ የሰጠኋትን ቢጫ ሻሽ አስራ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የልጄን ሥራ የማውቀው እሷ በነገረችኝ መጠን ነው። ውጭ አገር በኬሚስትሪ ዶክተር ሆና ስትመረቅ በስልክ፣ «አደራሽን፣ ከአሲዱም ከእሳቱም ተጠንቀቂ» አልኳት። ሳቀችብኝ።

«እማ፣ እኔ እኮ ብልቃጥ አልነካም። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሽንኩርት ሲከተፍ ለምን እንደሚያስለቅስ፣ ሽንኩርቱን ሳልነካ በኮምፒውተር አስልቼ አገኘዋለሁ።»

ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲለቅም ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል። የማያቃጥል ሥራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከደወለች ሁለት ክረምት አልፏል። በመጨረሻ ስታወራኝ፣ የሥራ ውሏ አልቆ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ስልኳ ዝም አለ። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ጥፋቱ የእኛ ስልክ ነው አልን።

በኋላ ታናሿ ልጄ የእህቷ ጽሑፎች የተዘረዘሩበትን ገጽ አገኘች። ከፎቶዋ አጠገብ ሥራዋ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚናገር ቁጥር አለ። በሳምንቱ ስንከፍተው ጨምሯል። «አልሃምዱሊላህ፣ እየሠራች ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ከጁምዓ ሲመለስ እንከፍተዋለን። ገበያ ላይ ሰው «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲለኝ፣ «ደኅና ናት፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ጨምራለች» እላለሁ።

ባለቤቴ ግን ልቡ አልረጋም። «እዚያ ያሉ ያገራችንን ሰዎች እናስጠይቅ፤ ለኤምባሲም እናመልክት» ይለኝ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። «በሕይወት ያለችን ልጅ ጠፋች እያልክ አታሟርትባት! ቁጥሯ ይጨምር የለም እንዴ?» አልኩት። ተወው።

ሺህ ሲሞላላት ዱዓ እናድርግላት ብዬ ጠራኋቸው። ማሾ ቀቀልኩ፣ ሐብሐብ ቆረጥኩ።

«እኔ የማውቀው የዶሮዎቼን ቁጥር ነው፤ እሱም በየሳምንቱ ይቀንሳል» አለች ጎረቤቴ።

«ሸለምጥማጡ እየጠቀሰልሽ ነዋ!» አላት ባለቤቴ። ሁላችንም ሳቅን።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉ። ገጹን በጣታቸው ወደ ታች ገፉት፣ ደግሞ ወደ ላይ መለሱት። ሳቃቸው ጠፋ።

«እትዬ፣ የመጨረሻው ጽሑፏ ከወጣ እኮ ሦስት ዓመት ሆኖታል።»

«ቁጥሩ ግን የጨመረው ባለፈው ሳምንት ነው፣ ጋሼ።»

«ቁጥሩን የምትጨምረው እሷ አይደለችም። ሌሎች ተመራማሪዎች ሲጽፉ የእሷን ሥራ ከጠቀሱ ይጨምራል። እሷ ብትሠራም ባትሠራም።»

«የጻፈው ሰው ሞቶ ቢሆንስ?» አለ ባለቤቴ።

መምህሩ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። «ለሞተም ሰው ይጨምራል» አሉ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ነጋሪዎች ተሰብስበው፣ ማልደው ነው የሚመጡት። እነዚህን ግን የጠራኋቸው ራሴ ነኝ፤ ሐብሐቡንም ያቀረብኩላቸው ራሴ። ጎረቤቴ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ስትል እጇን ያዝኩት። «መርዶ አይደለም!» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሐብሐቡን የነካው ሰው የለም።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ «አላልኩሽም ነበር?» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

አመለከትን። የነበረችበት ዩኒቨርሲቲ ከሄደች መቆየቷን ብቻ ነገረን። ወዴት እንደሄደች፣ ባለቤቴ እናስጠይቅ ባለኝ ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ አሁን ግን የለም። ታናሿ ልጄ ሥራዋን ለጠቀሱት ሰዎች ኢሜይል ጻፈች። ሦስቱ መለሱ። ሁሉም የሚያውቁት ጽሑፏን እንጂ እሷን አይደለም። አንዱማ ስሌቷ በጣም እንደረዳው ገልጾ፣ «ስታገኟት ሰላም በሉልኝ» ይላል።

ቁጥሩ አሁንም ይጨምራል። ጁምዓ ሲደርስ ታናሿን «አትክፈቺው» እላታለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «ስንት ሆነ?» እላለሁ። የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ቁጭ ብሎ ስሟን ሲጽፍ ይታየኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠራ አንድ ጊዜ እንኳ «አቤት» አላለችም። ሽንኩርት ስከትፍ ለምን እንደማለቅስ የሚጠይቀኝ የለም።

ልጄ ጠይም፣ ቀጠን ያለች ናት። ግራ እጇ ላይ የማጭድ ጠባሳ አላት። ስታስብ ጥርሷን በጥፍሯ ታንኳኳለች። ያያት ወይም የት እንዳለች የሰማ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።