በቀለም የታሸገ መስኮት

ባለፈው ሐሙስ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ጸጥ አለ። ቤቱ አሮጌ ነው። መስኮቶቹ ከታች ወደ ላይ እየተገፉ የሚከፈቱ የድሮ የእንጨት መስኮቶች ናቸው፤ ከገባንበት ቀን ጀምሮ የአውቶቡሱ ጩኸት፣ የአምቡላንሱ ሳይረን፣ የጎረቤት ቅጠል መንፊያ ማሽን ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ነበር የሚውለው። ጠዋት ሁለት ሠራተኞች መጡ። ፍሬሙ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጎማ ደፈኑ፣ የላላውን መስታወት አጠበቁ፣ ከዚያ በየመስኮቱ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት ገጠሙ። የመጨረሻው መስታወት ቦታውን ሲይዝ ጎዳናው ድምፁን አጣ። ከመጋረጃው ሥር እየሾለከ እግሬን ሲያቀዘቅዘኝ የከረመው ብርድም አብሮ ጠፋ። ገና ምሳ ሰዓት አልደረሰም ነበር።

ባለቤቴ "ተገላገልን!" ብሎ አጨበጨበ። እኔ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ተናደድኩ። "ይኼ ብቻ ነበር እንዴ?" አልኩት። "ግማሽ ቀን ሥራ? መስታወትና ጎማ?" ስለ ሠራተኞቹ የማማርር መስሎት "ጥሩ አድርገው ሠርተዋል እኮ" አለኝ። ጥሩ አድርገው ሠርተዋል። ያናደደኝም እሱ ነው። በዚያች ደቂቃ የማስበው እትዬ ጥሩወርቅን ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና፣ ይኼንኑ ጎማና ይኼንኑ መስታወት ስትለምን ዓመታት የፈጀችውን ሴት።

ልጅ ሳለሁ ከዚህ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ስንኖር፣ እትዬ ጥሩ ጎረቤታችን ብቻ ሳትሆን የሕንፃው ልጆች ሁሉ ሞግዚት ነበረች። እናቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ ሁለቱም ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጡ እኔ በፒጃማዬ ከላይ ፎቅ ወርጄ እሷ ጋ እንቅልፌን እጨርሳለሁ። እሷ የምትኖረው ምድር ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ነው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ሻሽ ከራሷ የማይወርድ፣ ስትስቅና ስትቆጣ ድምፅዋ የማይለይ ሴት ነበረች። አንቱ ስንላት "ገና አላረጀሁም!" ብላ ታፈጥብናለች፤ አንቱ ያለ ልጅ ብስኩት አያገኝም። ቤቷ የፈላ ወተትና የቪክስ ሽታ ነበረው። ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥኗ ላይ የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ ፍሪጇ ላይ ደግሞ ደቂቃቸው ያለቀ የስልክ ካርዶች እንደ ፎቶግራፍ ተለጥፈዋል፤ አንበሳ ያለበትን ካርድ ለማየት ተራ እንጋፋ ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ ጥቂት ሣር አለ፣ ከሣሩ ቀጥሎ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ ሀይዌይ። መስኮቶቹ አንድ ስስ መስታወት ብቻ የያዙ አሮጌ የእንጨት መስኮቶች ነበሩ፤ ሲከፈቱ ከላይ የሚይዛቸው ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ገና ያሸለበ ሕፃን ይባንናል፣ የአንዱ ለቅሶ ሌላውን ይቀሰቅሳል። በጥር ደግሞ መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው ይወዛወዝ ነበር። የተዘጋ መስኮት ምን ማለት እንደሆነ እስኪጠፋን ድረስ።

ከጩኸቱ ይልቅ እትዬ ጥሩን የሚያስጨንቃት ንፋሱ ነበር። እኛ ሀበሾች ከንፋስ ጋር ያለንን ጠብ ለማወቅ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ማየት ይበቃል። እትዬ ጥሩ ጋ ግን ጠቡ ወደ ጦርነት አድጎ ነበር። ልጅ ካስነጠሰው ንፋስ ነው፣ ሆዱን ከቆረጠው ንፋስ ነው፣ ሒሳብ ፈተና ከወደቀም ያው ንፋስ ነው። አሮጌ አንሶላ ቀዳ፣ ጨርቁን እንደ ገመድ ገምዳ፣ በማንኪያ እጀታ እየጠቀጠቀች የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ ትደፍናለች። ከብርድ ልብስና ሰው ከጣለው የክረምት ካፖርት ወፍራም ድሪቶ ሰፍታ ነበር፤ ልጆች ሲተኙ መስኮቱ ላይ ትሰቅለዋለች። ክፍሉ ይጨልማል፣ ሀይዌዩ ራቅ ይላል፣ የእሷ የቤት ጫማ ምንጣፉ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም።

የሕንፃው አስተዳደር ቢሮ ጋ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ቀፎውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰዎቹ ከሀይዌዩ ማዶ ያሉ ይመስል ትጮህባቸዋለች። "ሄሎ! ጥሩወርቅ ነኝ! ማይ ዊንዶው! ቤቢ ስሊፕ ኖ! ቱ ግላስ ፕሊስ!" ከወዲያ በኩል የሚመጣው መልስ አንድ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኛ ትዞርና "ኔክስት ይር ይሉኛል" ትላለች። "እዚህ አገር ይኼ ኔክስት ይር የሚሉት ዓመት የሚገባው መቼ ነው?"

አንድ በጋ ላይ፣ መስታወቱ ሳይሆን ቀለም ቀቢዎች መጡ። ሕንፃው ከውጭ እንዲያምር ተፈልጎ ነው። በየቤቱ እየገቡ መስኮቱን ከውስጥም ከውጭም በወፍራም ነጭ ቀለም ለበጡት፤ በመክፈቻው ላይ፣ በስንጥቁ ላይ፣ እትዬ ጥሩ በጠቀጠቀችው ጨርቅም ላይ ሳይቀር። ቀለሙ ሲደርቅ መስኮቱና ፍሬሙ አንድ እንጨት ሆኑ። በሕንፃው ከላይ እስከ ታች አንድም የሚከፈት መስኮት አልተረፈም። እትዬ ጥሩ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? መረቀቻቸው! ንፋሱ ድርግም ብሎ ጠፋላት፤ ለቀቢዎቹ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ "እጃችሁን ይባርከው" ብላ ሸኘቻቸው። እናቴም የእኛ ቤት መስኮት በመታሸጉ ተመስገን ስትል ሰምቻታለሁ። ያ ምርቃት ዛሬም ያንገበግበኛል።

የምትጠብቃቸው ልጆች እየበዙ ስለሄዱ እትዬ ጥሩ ላይሰንስ ማውጣት ግድ ሆነባት። ከከተማው የተላከች ኢንስፔክተር መጣች፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ባጅ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት። የትምህርት ቤት ዕረፍት ስለነበር እኔም እዚያው ነበርኩ። ኢንስፔክተሯ የጽዳት ዕቃውን አየች፣ የልጆቹን አልጋ አየች፣ ራሷን በደስታ ነቀነቀች። ከዚያ መስኮቱን እንድትከፍትላት ጠየቀቻት። እትዬ ጥሩ ፊቷ በራ። ስትኮራበት የከረመችው ነገር በመጨረሻ ተጠየቀላታ! መስኮቱን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች "ኖ ኦፕን!" አለቻት። "ቬሪ ጉድ! ንፋስ ኖ! ኔቨር ኦፕን!"

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። እሳት ቢነሳና በሩ ቢዘጋ ልጆቹ የሚወጡት በዚህ መስኮት እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ መስኮቱ እንደሚሠራ የሕንፃው ባለቤት ፈርሞ ካልሰጠ ላይሰንሱ እንደማይወጣ፣ ልጆቹም ከዚያ በኋላ እዚያ መዋል እንደማይችሉ ነገረቻት። እትዬ ጥሩ ስለ እሳት አስባ አታውቅም ነበር። ሰውነቷ ሁሉ ወደ ንፋሱ ዞሮ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አንድ በአንድ እያየች ዝም ብላ ተቀምጣ ትዝ ትለኛለች፤ ስትጮህ ብቻ ስለማውቃት ፈራሁ።

በባለቤቱ ፈንታ የሕንፃው ማናጀር ለማየት መጣ። መስኮቱን አልሞከረውም እንኳ፤ በጣቱ ቀለሙን ዳሰሰ፣ ከቀለሙ ሥር ያበጠውን ጨርቅ አገኘ፣ ፈገግ አለ። መስኮቱን ያሸገችው ተከራይዋ ናት አለ። እሱ አይፈርምም፤ ላስከፍተው ብላ በስለት ከነካችው ደግሞ ንብረት አበላሽታለችና ቤቱን ትለቃለች። ይኼን ሲል ጣቱ ላይ የራሱ ቀቢዎች የቀቡት ነጭ ቀለም ፍርፋሪ ነበረ። እያወቀ ነው ያደረገው። ስለ እሱ ዛሬም ለስለስ ያለ ቃል የለኝም።

አሁንም ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። በሕንፃው ውስጥ ያለ መስኮት ሁሉ በዚያው ቀለም ታሽጓል፤ ጎረቤቶች ቢሮ ሄደው "የእኔም አይከፈትም" ቢሉ የማናጀሩ ወሬ እዚያው ያልቃል። እትዬ ጥሩ በየቤቱ እየዞረች አንኳኳች። "ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው በር ላይ እንገናኝ። ሌላ ነገር አትናገሩ፣ የእኔም አይከፈትም በሉልኝ፣ በቃ።" ሁሉም እሺ አላት። አባቴ እንዲያውም ደረጃው ድረስ ሸኝቷት "ምን ችግር አለ፣ እትዬ ጥሩ፣ ያንቺ ጉዳይ የእኛ ጉዳይ ነው" ብሏታል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከወትሮው ቀድሞ የታክሲውን ቁልፍ አነሳ።

"አትሄድም እንዴ?" አለችው እናቴ።

"የት?"

"የት ይለኛል! ጥሩ ጋ ነዋ! ልጅህን ያሳደገች ሴት እኮ ናት!"

"የቤት ኪራዩ ሊዝ ላይ የተጻፍነው ስንት ነን?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወንድምሽ እዚህ ሳሎን ተኝቶ ማናጀሩን ና ቤቴ ገብተህ መስኮት እይልኝ ልበለው?"

አጎቴ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቦ ነበር። እንዳልተኛ ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ "እኔ እሄዳለሁ" ብላ ነጠላዋን አነሳች፤ አባቴ ወንድሟ ወዳለበት በዓይኑ ጠቆማት፤ ነጠላዋን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ንጹሑን ድስት እንደገና ማጠብ ጀመረች።

በእያንዳንዱ ቤት እንዲህ ሊዝ ላይ ያልተጻፈ፣ ቢታወቅ ቤት የሚያስለቅቅ ሰው ነበር። ዲቪ ደርሶት የመጣ ያገር ልጅ፣ ቤት እስኪያገኝ የተጠጋ የአክስት ልጅ፣ ለመውለድ የመጣች እህት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስኮራበት የኖርኩት ደግነታችን ነው፤ ሰው ሜዳ ላይ አንጥልም። ያን ቅዳሜ ግን አንዷን ሜዳ ላይ ጣልናት፤ ሁሉም ቤት የደበቀውን ዘመድ አስቦ በሩን ዘጋ። ይገባኛል። አባቴን ክፉ ሰው ነው አልልም። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልቀነሰም፤ ካልቻልክ አልችልም በላት፣ እሺ ብለህ ደረጃው ድረስ አትሸኛት!

እትዬ ጥሩ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ከመስኮታችን አያታለሁ፤ አንዴ ወደ ሕንፃው፣ አንዴ ወደ መኪና ማቆሚያው ትዞራለች። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ብቻዋን ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ተበተኑ፤ እኔ ሰዎቹ ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወሩበት፣ አማርኛ የማይሰማበት የልጆች መዋያ ተላክሁ። ልጆች በሌሉበት ቤት ኪራዩን ብቻዋን የምትችልበት መንገድ ስላልነበራት ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ ያለችው የአክስቷ ልጅ ጋ ልትጠጋ ወሰነች። እንግዲህ እሷም የሰው ሊዝ ላይ የማትጻፍ ሆነች።

የምትሄድ ቀን ዕቃዋ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ተመልሳ ወደ ባዶው ቤት ገባች። ልጆች ከውጭ ሣሩ ላይ ቆመን በመስታወቱ እናያለን። ካተር ይዛ በመስኮቱ ዙሪያ ቀለሙን መቁረጥ ጀመረች፤ የሚያስለቅቃት ስለሌለ የሚያስፈራራትም አልነበረም። ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ወረደ። የገመደችውን ጨርቅ ሁሉ እየመዘዘች ወለሉ ላይ ጣለች። ከዚያ በትከሻዋ ወደ ላይ ገፋችው፤ እንጨቱ ጮኸ፣ ተከፈተ። ገመድ ስለሌለው ተመልሶ እንዳይወድቅ ተለክቶ በተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት ደገፈችው። ወደ ቀጣዩም ሄደች። አንዱንም አላስቀረችም።

ላብ ሲያጠምቃት ሻሿን ፈታ ፊቷን ጠረገችበት፤ መልሳ ግን አላሰረችውም። ራሷን ተገልጣ መስኮቱ ላይ ቆመች፤ የሀይዌዩ ንፋስ ሽበቷን እያነሳ ይጥለዋል። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር።

እናቴ ከደረጃው በር ሆና እያለቀሰች "ጥሩዬ፣ ላብሽ ሳይደርቅ፣ ንፋስ ይመታሻል!" አለቻት።

"ይምታኝ!"

"ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው? ተይው እንጂ፣ ውጪ!"

እትዬ ጥሩ እናቴን ቀና ብላ አየቻት። አልጮኸችም። "ከእኔ በኋላ የሚገባው ሰው ልጅ ይኖረው ይሆናል" አለች።

የገቡት ሰዎች ልጆች ነበሯቸው። ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጆቻቸው ሙቀት በሆነ ቀን በእነዚያ መስኮቶች ወደ ሣሩ እየዘለሉ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ፣ እናታቸው ከኋላ ትጮህባቸዋለች። አባቴ ከሥራ ሲመለስ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ልጆቹ "ሄይ ሚስተር!" ይሉታል። እጁን ያነሳላቸዋል፤ ወደ መስኮቱ ግን ቀና አይልም። የእኛ መስኮት ከዚያ ሕንፃ እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ አልተከፈተም።