ለጥሬ ይሆናል ያልኩት በሬ

በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ልደታ እናቴ ቤት ስመለስ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዶክተር» ይለኛል፣ ግማሹ «የዶሮ ሐኪም»። እውነታቸውን ነው። ጌጃ ሰፈር ላም የለ፣ በሬ የለ። ያሉት ውሻና ድመት ናቸው፤ እነሱንም ማንም አሳክሞ አያውቅም። ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ሙያ የሚፈልግ ፍጡር በአካባቢው አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ክፍት የሥራ ቦታዎችን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ሁሉም ልምድ ይላል። ዜሮ ዓመት የሚል ሲገኝ ደግሞ ወንድ እንደሚፈልጉ ባይጽፉትም ፊታቸው ላይ አነበዋለሁ። አንዱ ቃለ መጠይቅ አድራጊ «እንዲያው የኔ እህት፣ ኮርማ ቢረግጥሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተስ ቢረግጥህ ምን ልትሆን ነው?» አልኩት። ሥራው በዚያው ቀረ። ምላሴ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ነው የምትሮጠው። በመጨረሻ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ገብቼ የጫጩት ቫይታሚን መሸጥ ጀመርኩ።

የግቢያችን ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የግቢውን የፋሲካ ቅርጫ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሚሰበስቡት እሳቸው ነበሩ። በሬውን ይመርጣሉ፣ አራጁን ይጠራሉ፣ መደብ ያስመድባሉ፣ ዕጣ ያስወጣሉ። የዚያን ዓመት ግን «ዘንድሮ የራሳችን ሐኪም አለችን፤ እሷ ሳታየው አይታረድም» ብለው አወጁ።

ቅዳሜ በሬው መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ታሰረ። አባወራዎቹ በሙሉ ከበው ቆሙ። የምንጣፍ ነጋዴው ጎረቤታችን «ሴት ልጅ ደግሞ በሬ ታውቃለች እንዴ!» አለ ጮክ ብሎ። ጋሼ «ዝም በል አንተ! አንተ ሥጋውን እንጂ በሬውን መች ታውቅና!» ሲሉት ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነዶኝ ነበር። ነጩን ጋውኔን ለብሼ ወጥቼ ነበር፣ ማን ልበስ እንዳለኝ እንጃ። ሙቀቱን ለካሁ፣ ዓይኑን ገልጬ አየሁ፣ ድዱን ተመለከትኩ፣ ትንፋሹን አዳመጥኩ። ከዚያ «በሬው ጤነኛ ይመስላል» ብዬ ማቆም ነበረብኝ። የምንጣፍ ነጋዴውን ፊት ሳይ ግን አላስችል አለኝ።

«ምንም እንከን የለበትም፤ ለጥሬ ይሆናል» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

የቆመ በሬ አይቶ ለጥሬ ይሆናል የሚል ሐኪም የለም። ጡንቻው ውስጥ ያለውን የሚያሳየው ቢላዋ ብቻ ነው። ይህን አስተማሪዎቻችን ደጋግመው ነግረውናል፤ እኔም ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

የፋሲካ ለት ማለዳ በሬው ታረደ። ጋሼ ልቡን በትሪ አድርገው «በይ የኔ ልጅ፣ ሙያሽን አሳዪን» ብለው ሰጡኝ። ልቡን ሰነጠቅኩት። ሁለት ነጫጭ ከረጢቶች፣ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ ሥጋው መሀል ተቀምጠዋል። የመንጋጋውን ሥጋ ቆረጥኩ፣ እዚያም አንድ አለ። ኮሶ ሰው ሆድ ከመግባቱ በፊት ይህን ነው የሚመስለው።

መናገር የነበረብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጥሬውን ተዉት፣ በደንብ አብስላችሁ ብሉት። በቃ። ሥጋው እንኳ አይጣልም ነበር። ግን ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ቢላዋውን ስሎ ቆሟል፤ ትናንት «ለጥሬ ይሆናል» ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

የምንጣፍ ነጋዴው «እሺ ዶክተር፣ አለፈ ወይስ ወደቀ?» አለ።

የተሰነጠቀውን ልብ በመዳፌ ገጥሜ ያዝኩት። «አለፈ» አልኩ።

ጋሼ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ አላበቃሁም፤ ልቡንና የመንጋጋውን ቁራጭ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ «ይሄን ለላቦራቶሪ እፈልገዋለሁ» አልኩ። ጭራሽ አደነቁኝ። ወስጄ ሽንት ቤት ጣልኩት።

እናቴ ጥሬ ሥጋ ነፍሷ ነው። የድርሻችን መደብ ሲመጣ አዋዜውን አዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ገና ቢላዋ ስታነሳ እጇን ያዝኩት። «እማዬ፣ ጥሬውን ተዪው።» «ምነው?» «ጨጓራሽ ነዋ! ጾሞ ከርሞ ይጎዳሻል።» ተነጫነጨች፣ ለመነችኝ፣ በኋላ ግን ዶክተር ልጇን ሰማች። አንዲት ቁራጭ ሳላስቀር ሁሉንም እስኪያርር ጠበስኩት። ከግድግዳው ማዶ «ሚጥሚጣ አቀብሉኝ!» ይባላል፣ ይሳቃል፣ «ቅቤ ነው እኮ! ቅቤ!» ይላል የጋሼ ድምፅ። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ዛሬም ሳስበው ፊቴን በነጠላ እሸፍናለሁ። አዋቂነቴ ለእናቴ ሲሆን ሠራ፣ ለሰው ሲሆን ተኛ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ጋሼ የምሠራበት መደብር መጡ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኮሶ ታየኝ። ልጄም ታይቷታል። እኔስ ኪኒኔን ውጬ እገላገላለሁ፤ እሷ ግን ነፍሰ ጡር ናት፣ እስክትወልድ ታገሺ አሏት። ምግብ አልረጋላት ብሎ እየከሳች ነው።» የቫይታሚኑን ጠርሙሶች መደርደር ያዝኩ።

«ምግብ ቤት የቀመስነው ነገር ይሆናል። የኛውንማ አንቺ አይተሽዋል» አሉ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ይሆናል፣ ጋሼ» አልኩ። ልጃቸው እስክትወልድ ድረስ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም ባየሁ ቁጥር የሌለ ዕቃ የረሳሁ መስዬ ወደ ቤት እመለስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ዘንድ ሱፍ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ ቄራ ኃላፊ ኖሮ ሥጋ መርማሪ እንደሚፈልጉ ነገራቸው። ጋሼ ሰውየውን ሳይለኩት እኔን ማሞገስ ያዙ። «የግቢያችንን በሬ ያየችልን እሷ ናት» ብለው አስጠሩኝ። መሥሪያ ቤቱ ዋስ ሲጠይቀኝም የንግድ ፈቃዳቸውን ይዘው አብረውኝ ሄደው ፈረሙ። ሲፈርሙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አሁን ልንገራቸው፣ አሁን፣ እያልኩ ቀለሙ ደረቀ። ሥራውን ደግሞ እንዴት እንደፈለግኩት!

ቄራው ውስጥ ኃይለኛ ናት ይሉኛል። ሌላው አንዴ የሚቆርጠውን ልብ እኔ ሦስት ጊዜ እቆርጣለሁ። ነጋዴ ይለማመጠኛል፣ ይቆጣኛል፣ እኔም እቆጣዋለሁ፤ የወደቀ ሥጋ ወደቀ ነው። በዚህ የተነሳ አደግኩ፣ ዛሬ የመርማሪዎቹ አለቃ ነኝ። «ለሙያዋ ሟች ናት» ብለው የምስክር ወረቀት በሰጡኝ ቀን እናቴ እልል አለች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዘንድሮ ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው አልቻልኩም፣ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። ሱሪ እየጠቀሙ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከረጢቶቹን፣ ፌስታሉን፣ በዋስትናው ቀን ዝም ማለቴን። የስፌት መኪናውን አቆሙ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«እናትሽ በልታ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«ጥሬውን አላበላኋትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አውልቀው በሱሪው ጨርቅ ጠረጉ። «በይ ሂጂ፣ ይሄን ለበዓል ማድረስ አለብኝ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

ለማንም አልተናገሩም። ብቻ በማግስቱ ከቅርጫው መውጣታቸውን አስታወቁ፤ ለቤታቸው አንድ በግ ገዝተው አስገቡ። የስንት ዘመን ሰብሳቢ ሲወጣ ግቢው ግራ ገባው። ዓርብ ማታ ጎረቤቶቹ የስም ዝርዝሩን ይዘው እኛ ቤት መጡ። ፊት የቀደመው ያ የምንጣፍ ነጋዴ ነበር።

«ሰብሳቢነቱን ላንቺ ሰጥተናል፣ ዶክተር። ካንቺ ወዲያ ማን አለ?» አለና ዝርዝሩን እጄ ላይ አኖረው። ቀጥሎ ወደ ጋሼ ቤት እያየ «ቆይ ግን ሽማግሌውን ምን ነክቷቸው ነው? አንቺ እንኳ ትቀርቢያቸዋለሽ» አለኝ።

ሁሉም አፍ አፌን አዩኝ። እናቴም አየችኝ።

«እንጃ» አልኩ። «አርጅተው ይሆናል።»