የቲየን ስም በድንጋይ ላይ

በመስከረም ማለቂያ አንድ ቀን ጠዋት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ተነሣሁ። ጉዳዬ ጽሕፈት መማር ነበር፤ ያውም የቻይና ጽሕፈት። የሚስቅ ይሳቅ። የአማርኛውን ፊደል እንኳ የቆጠርሁት ከሸበትሁ በኋላ፣ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ቻይናዎች ከወረታ የሚነሣውን መንገድ ሲሠሩ አብሬያቸው ውያለሁ። ቲየን የሚባል ልጅ እግር ሠራተኛቸውን ወባ ገደለውና ከመንገዱ በላይ ቀበርነው። ስሙ የተጻፈበትን ሳንቃ ምስጥ በላው። አሁን ሥራው አልቆ ሊሄዱ ነው። ሽማግሌያቸው ሊን፣ ሳይሄዱ የቲየንን ስም ድንጋይ ላይ እንዳወጣለት ላከብኝ። ካልደረስሁ መቃብሩ የማንም ክምር ሆኖ መቅረቱ ነው።

ባለቤቴ ስመኝ ቆሎና ዳቦ ቋጠረችልኝ። “ሂድ፤ የኛም ልጅ በሰው አገር ነው ያለው” አለችኝ። ልጃችን ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ። ከዚያ ወዲህ ስመኝ ማታ በሩን በመቀርቀሪያ አታስዘጋኝም። ሌባ ይገባል እላለሁ፤ ይግባ ትላለች። በዚሁ ስንነታረክ እንኖራለን።

ዓባይ ድልድይ

ኬላው ላይ ከአውቶቡሱ ውረዱ ተባልን። ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ ከረጢቴን ፈታ፤ መሮና መዶሻ አገኘ። ለምን እንደሆነ ነገርሁት።

“ለቻይና ፍታት ሊያስፈቱለት ነው እንዴ፣ አባባ?” አለና አውቶቡሱን ሁሉ አሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ወታደሩ ግን ፊቱ ገና ጢም አላበቀለም፤ እሱን ሳይ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

ከሐሙሲት ወዲያ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶታል። ከብቱ እስከ ሆዱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። በስተግራ ጣና ከሰማዩ ጋር አንድ አመድ ሆኖ፣ ሐይቁ የት እንደሚያልቅ አይለይም። የአብዮቱ በዓል ቅስት ወረታ መግቢያ ላይ ገና አልፈረሰም፤ ዝናብ ቀለሙን አውርዶታል።

ወረታ

እትዬ ዘይነባ ሻይ ቤት አረፍሁ። ቲየንን ታውቀዋለች። ሻይ ያለ ስኳር ሲያዝ ድሃ መስሏት፣ አንጀቷ አልችል ብሎ በነጻ ሁለት ማንኪያ ትጨምርለት ነበር። ስኳር እንደማይወድ የሰማችው ከቀበርነው በኋላ ነው። “አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጨማደደብኝም፣ አያ ታከለ” ብላ ብርጭቆዋን ማጠብ ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ሊን ዘንድ ሄድሁ። የሠራተኞቹ ሰፈር ግማሹ ፈርሷል። ሊን ብሩሽ ውኃ ውስጥ እየነከረ ሲሚንቶው ወለል ላይ ጻፈልኝ። እነሱ ዘንድ የቤተ ሰቡ ስም ይቀድማል፤ ቲየን ራሱ የቤተ ሰቡ ስም ነው፤ እርሻ ማለት ነው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ውስጡ መስቀል አለበት። ሁለተኛው ምልክት፣ የልጁ የራሱ ስም፣ እጁን የዘረጋ ሰው ይመስላል። እሱ አላስቸገረኝም፤ አግድሙ፣ ከዚያ ግራ እግሩ፣ ከዚያ ቀኙ።

በመጀመሪያው ተሳሳትሁ። ግንበኛ ዙሪያውን ሳይገጥም መሐሉን አይነካም፤ እኔም አራቱን ጎን ገጠምሁና መስቀሉን ላስገባ ስል ሊን እጄን ያዘ።

“ሰውየው ውጭ ቀረ” አለኝ። መንገድ ላይ በለመዳት አማርኛው፣ “ግራ። ላይና ቀኝ። ሰው ይገባል፣ ያርሳል። በር መጨረሻ።”

ታችኛው መስመር በር ነው ማለቱ ነው። ውኃው ሲደርቅ ደግሞ ጻፍሁ፤ ደግሞ ደረቀ። እጄ የግንቡን ሥራ ለምዷልና ደጋግሞ በሩን ይዘጋብኛል። ኋላ ደከመኝ።

“ሊን፣ ድንጋይ ላይ የትኛው እንደቀደመ አይታይም። ማን ያውቃል?”

“አንተ ታውቃለህ” አለኝ።

መቃብሩ

በማግስቱ ለስሙ የሚሆን ድንጋይ ይዘን አብረን ወጣን። ሣሩ ክምሩን ውጦት ስለነበር ፈልገን ነው ያገኘነው። መሮዬን ከግራ ጀመርሁ፤ ላዩንና ቀኙን አዞርሁ፤ ውስጡን ጠረብሁ። ታችኛው መስመር ሲቀር ሊን ቆቡን አወለቀ። አንድ ነገር በራሱ ቋንቋ ለድንጋዩ አወራ፤ ረጅም ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘጋሁት።

ከዚያ ሁለተኛውን ምልክት ጠርቤ ድንጋዩን አቆምነው። ሊን በጣቱ ስሙን በተማርሁበት ቅደም ተከተል ዳሰሰው። ስንለያይ አላለቀሰም፤ እኔ ነኝ ያለቀስሁ።

ባሕር ዳር

ቤቴ የደረስሁት ሲመሽ ነው። ስመኝ እግሬን አጠበችኝ። ስሙ ወጣ ወይ አለች፤ ወጣ አልኋት። እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ፤ ጣቴን ከማጠቢያው ውኃ ነክሬ ወለሉ ላይ ጀመርሁላት። ግራውን፣ ላዩንና ቀኙን፣ መሐሉን።

“ታቹስ?” አለች።

“እሱ ሁሉ ከገባ በኋላ ነው” አልኋት።

ውኃው እስኪደርቅ አየችው። ልንተኛ ስንል እንደ ልማዴ ወደ በሩ ሄድሁ። መቀርቀሪያውን ከተደገፈበት አነሣሁና ከአልጋው ሥር ከተትሁት። ከዚያ ወዲህ በበሩ ነገር ተነታርከን አናውቅም።