ጎረቤቴ ምን እንዳፈሰሰች ሳልጠይቅ

መጀመሪያ የመጣው ሳል አልነበረም። ሚጥሚጣ ትን እንዳለው ሰው ጉሮሮዬ ተለበለበ፤ ዓይኔም ያነባ ጀመር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ብሩሽ ይዤ፣ የሽንት ቤቱን በር ከውስጥ ሸንጉሬ፣ እፈትጋለሁ። ጤነኛ ሰው በዚያ ጊዜ ይወጣል። እኔ ግን ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ መፈተጌን ቀጠልኩ። ያን ቀን ሽንት ቤቱን ማጠብ የእኔ ተራ አልነበረም፤ ሳጥብ እንዲያዩኝም አልፈለግሁም።

የምኖረው የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ነው። ሽንት ቤታችን አንድ ነው፤ በየቅዳሜው በተራ ይታጠባል። ያ ቅዳሜ የጫልቱ ነበር። ጫልቱ ዓመታት አብራኝ የኖረች ጎረቤቴ ናት፤ አባቷ ድሮ ከሲ.ኤም.ሲ ወዲያ ገብስ ያርሱ ነበር፣ እሷ ዛሬ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ በጽዳት ሥራ ትተዳደራለች። ሙያዋ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን የማኅበር ሴቶች ይመጡብኛል፤ የጫልቱን እጅም አላምንም። የማንንም እጅ አላምንም፤ እናቴ ያጠበችውን ብርጭቆ እንኳ መልሼ አጥብ ነበር። በሰው ተራ ገብቶ ማጠብ ግን በእኛ ግቢ ባለተራዋን ቆሻሻ ናት ብሎ ከመስደብ አይለይም። ስለዚህ ጫልቱ ማለዳ ወደ እህቷ ቤት እስክትወጣ ጠበቅኩ። ከዚያ በረኪናዬን ይዤ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። ጫልቱ ከመውጣቷ በፊት መቀመጫው ውስጥና የወለሉ ውሃ መውረጃ ላይ የሽንት ቤት አሲድ አፍስሳለች። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ወደ ስድስት ሰዓት ነው፤ ቆሻሻው እስከዚያ ይለቅ፣ ውሃው ሲመጣ ተመልሼ አጥበዋለሁ ብላ ነው የሄደችው። ሴራሚኩ እርጥብ መሆኑን አይቻለሁ። ውሃ ረጨት አድርጋ ሄደች ብዬ በሆዴ አሽሟጠጥኩባት። በረኪናውን ሳልበርዝ ደፋሁበት።

ሲንጨረጨር ሰማሁ። ቢጫ አረንጓዴ ነገር ከመቀመጫው ተነሣ። ሳልኩ። ደግሜ ሳልኩ። የበሩን መሸንጎሪያ ፈለግሁ፤ ዓይኔ አያይም። በእጄ ዳበስኩ። ተከፈተ።

ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ስስል ልጄ ሜሮን ደረሰች። ጠርሙሱን እዚያው ጥዬ መውጣቴን እንኳ አላስታወስኩም። ሜሮን ወተት አጠጣችኝ፤ ለመርዝ ወተት ነው ሲባል ሰምታ ያደገች ልጅ ናት፣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳሉ በረድ ስላለልኝ ወተቱ ያዳነኝ መሰለኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለኝ ተቆጣኋት። እንግዳ ጠርቼ የት እሄዳለሁ። ውሃው ሲመጣ እሷ ከደጅ ሆና በባልዲ ደጋግማ ደፋችበት፤ እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ማኅበርተኞቼን ተቀበልኩ።

ብርድ መትቶኝ ነው እያልኩ አስተናገድኩ። ግን መቀመጥ አቃተኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። ደረቴን በመቀነት ያሰሩኝ ይመስለኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ከንፈሬ መጥቆሩን አይታ ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ ማንም አስተያየቴን አልጠየቀም። መገናኛ አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል በመኪና ወሰዱኝ።

ወጣቱ ሐኪም ደረቴን አዳመጠ፤ ትንፋሽ የሚከፍት መድኃኒት በጭምብል አስነፋኝ፤ ራጅ አስነሣኝ። ሜሮን ካርድ ለማውጣት ሄዳ ነበር። ምን እንደነካኝ ሲጠይቀኝ በረኪና አልኩት። ምን ሳደርግበት? ልብስ ሳጥብ፣ አልኩ። የሞት ያህል ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ጫልቱ ጆሮ እንዳይደርስ እዋሻለሁ።

«ከሌላ ነገር ጋር አልቀላቀሉትም?» አለኝ።

«ከምንም።»

ራጁ ንጹሕ ነው አለ። ትንፋሼም በመድኃኒቱ ትንሽ ተከፍቶልኝ ነበር። የሚነፋ መድኃኒት ጻፈልኝና ጥቂት አርፌ ወደ ቤት እንድሄድ ነገረኝ። ደስ አለኝ። ጫማዬን በእግሬ መፈለግ ጀመርኩ።

ጫልቱ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ከእህቷ ዘንድ ዘግይታ ስትመለስ የግቢው ሰዎች የትኛው ሆስፒታል እንደወሰዱኝ ነግረዋት፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ የበረኪናዬን ባዶ ጠርሙስ አይታ፣ ሁሉም ገብቷታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን የአሲዱን ፕላስቲክ በፌስታል ጠቅልላ፣ ታክሲ ተሳፍራ መጣች። እኔን ሳታይ በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«ዶክተር፣ ሽንት ቤቱ ላይ አሲድ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሳያውቁ በላዩ በረኪና ጨምረውበታል።»

ሐኪሙ ፌስታሉን ከፈት አድርጎ አየና አጠገቤ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የሳንባ ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዛሬ የትም አይሄዱም» አለኝ። የጻፈልኝን ወረቀት መልሶ ወሰደው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ያለው መጣ። ሳሉ እርጥብ ሆነ። አረፋ ተፋሁ። ጋደም ማለት አልችልም። በደሜ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወረደ፤ ማሽኑ ጮኸ። ጭምብል አጠለቁልኝ። ሁለተኛው ራጅ ነጭ ሆነ። ሳንባዬ ውሃ ቋጥሯል አሉ። አየር አለ፤ እኔ ጋ አይደርስም። ፈራሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የጫልቱን እጅ ያዝኩ፤ ያን የማላምነውን እጅ። ቤት ብሆን ኖሮ ሜሮን ወተት ይዛ አጠገቤ ከመቆም ሌላ ምንም አታደርግልኝም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ስደብቅ ሌላ ሰው ገለጠልኝ።

አምስት ቀን በኦክስጅን ተኝቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ማገገም ለእንደኔ ዓይነቱ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው ከበሽታው የማይተናነስ ቅጣት ነበር፤ ሐኪሙ በቀስታ ይራመዱ ሲለኝ እሮጣለሁ፣ ስሮጥ እስላለሁ፣ ስስል ሜሮን ትቆጣኛለች፣ ስትቆጣኝ ደግሞ ብሩሽ ፈልጌ ወለል እፈትጋለሁ። በኋላ ጫልቱ ከሥራ ስትመለስ እየጠራችኝ ባሕር ዛፉ ወዳለበት ዳገት ይዛኝ ትወጣ ጀመር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ እርምጃ ሄጄ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ አጠገቤ ቆማ ስለ ቢሮዋ ሰዎች ታጫውተኛለች፣ በሁለተኛው ወር እስከ መታጠፊያው ደረስን፣ አሁን ቁልቁል የካን እስከማይበት ሜዳ ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ እወጣለሁ። ሽታ ያለው ነገር ሲገጥመኝ ግን እስከ ዛሬ ደረቴ ይጨመደዳል። የቀጠሮ ቀኔንም አላሳልፍም።

ይህን ለምታነቡ፣ ምናልባትም አሁን ጉሮሮአችሁን እየለበለባችሁ ለምታነቡ፦ በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ከሆምጣጤም ከሌላ ማጽጃም ጋር አታገናኙት። በረኪና ከውሃ ጋር ብቻ ነው የሚስማማው። የተዘጋ ፍሳሽ ላይ አንዱ መድኃኒት አልሠራ ሲል ሌላውን አትድፉበት። የሽንት ክምችት ያለበት ቦታ ላይም መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሱ፤ በረኪና ከሽንትም ጋር ሲገናኝ መርዝ ያወጣል። በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ፣ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ስሙ ያልተጻፈበትን ነገር ቤታችሁ አታስገቡ። ከሸተታችሁ ጥላችሁ ውጡ፤ እጨርሳለሁ አትበሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባ ጋዝ አያወጣም። ዓይናችሁን በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ትንፋሽ ካጠረ ቀለል ቢላችሁም ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ጠርሙሶቹንም ያዙ፣ የሆነውንም እንደሆነው ተናገሩ።

ለሐኪሙና ለነርሶቹ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለጫልቱ ያለኝን ግን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ይቅርታ ስጠይቃት «ምነው ያኔ ቢጠይቁኝ፣ እትዬ አስካለ» ብቻ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

ባለፈው ቅዳሜ የእሷ ተራ ነበር። ከግቢው መሐል ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ምን እንዳፈሰሰች ጠየቅኳት።

«ውሃ ብቻ ነው፣ ይግቡ» አለችኝ።

ገባሁ። በሩን ክፍት ተውኩት። ጥጉ ላይ ያልለቀቀ ቢጫ ነገር አለ፤ አየሁት፣ እጄን አሳከከኝ። እዚያው ትቼው ወጣሁ።